ለአንድ ምጣድ ጎተራ ሙሉ ጤፍ አይፈጭም

ሰሞኑን ከጎጃም የደረሱኝ ጥያቄዎች የሶፍትዌር ጥቅሎችን ቀድቶ በአቅራቢያ ስለማስቀመጥ፣ ማለትም ስለ ሚረር ናቸው።

ከደብረ ማርቆስ፦ የምንጠብቀው ቤተ ሙከራ 40 ኮምፒውተሮች አሉት፤ ሁሉም በዴቢያን (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ነው) ይሠራሉ። ማሻሻያ በወጣ ቁጥር ያንኑ ጥቅል 40 ጊዜ እናወርዳለን። ሙሉውን ክምችት ለመቅዳት የትኛው መሣሪያ ይሻላል?

የትኛውም አያስፈልጋችሁም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የወጣው ዴቢያን 13 ብቻውን ከ69,000 በላይ ጥቅሎች አሉት፤ ተማሪዎቻችሁ ከዚያ ውስጥ ስንቱን ይነኩታል? አፕት-ካቸር-ኤንጂ የተባለውን መሸጎጫ፣ ማለትም የወረደውን ጥቅል ለቀጣዩ ጠያቂ የሚያቆይ ፕሮግራም፣ በአንድ ሰርቨር ላይ ጫኑ። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ሲጠይቅ ጥቅሉን ከውጭ ያመጣል፣ ያስቀምጠዋል፤ የቀሩት 39ኙ ከጓዳ ይወስዳሉ። በየኮምፒውተሩ የኤፒቲ (የዴቢያን ጥቅል አውራጅና ጫኝ) የፕሮክሲ፣ ማለትም የአማላጅ ሰርቨር፣ ቅንብር ላይ የሰርቨሩን አድራሻና 3142 የሚለውን የፖርት ቁጥር መጻፍ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። አንድ እንቅፋት አለ፦ ጥቅል የሚወርድበት የምንጭ አድራሻችሁ በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረው የድር መስመር) የሚጀምር ከሆነ መሸጎጫው የሚያልፈውን ማየት አይችልም። ወደ ኤችቲቲፒ ቀይሩት።

ከፍኖተ ሰላም፦ መስመሩ ደህና የሚሆነው ሌሊት ብቻ ነው። ለመቅጃ አፕት-ሚረር ይሻላል ወይስ ዴብሚረር?

እኔ ዴብሚረርን እመርጣለሁ። አፕት-ሚረር ለመጀመር ይቀላል፤ ያረጁትን ጥቅሎች ግን በራሱ አያጠፋም። የጽዳት ስክሪፕት ያዘጋጅልዎታል፣ ማስኬዱን ከረሱ ዲስኩ ይሞላል። (ሰው ደግሞ ይረሳል። እኔ ረስቻለሁ።) ዴብሚረር ቀድቶ ሲጨርስ ትርፉን ያጸዳል፣ የዴቢያንን ዲጂታል ፊርማም ይፈትሻል። የሚፈልጉትን እትምና የፕሮሰሰር ዓይነት ብቻ ይንገሩት፤ የምንጭ ኮዱንም ይተውልዎ።

ከቢቸና፦ በአርሲንክ (ፋይል መቅጃ ፕሮግራም) በቀጥታ እቀዳለሁ፤ አንዳንዴ ተጠቃሚዎቼ ማውጫው (የጥቅሎቹ ዝርዝር) ከጥቅሉ ጋር አልገጠመም የሚል ስህተት ይገጥማቸዋል።

አዲሱ ማውጫ ከጥቅሎቹ ቀድሞ ስለሚደርስ ነው፤ እንግዳ ተጠርቶ ወጡ ገና ጉልቻ ላይ እንደማለት። በሁለት ዙር ይቅዱ፦ መጀመሪያ ጥቅሎቹን፣ ቀጥሎ ማውጫዎቹን፤ አሮጌውንም በመጨረሻ ያጥፉ። የዴቢያን ሰዎች ለሙሉ ሚረር የሚመክሩት ኤፍቲፒሲንክ የሚሠራው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

ከሞጣ፦ ጓደኛዬ በዲስክ ቀድቶ የሰጠኝን ልመን?

ጓደኛህን ማመን አይጠበቅብህም። ማውጫው የተፈረመ ነው፣ የእያንዳንዱ ጥቅል አሻራም (ከይዘቱ የሚሰላ መለያ) በማውጫው ሰንሰለት ውስጥ አለ፤ የተነካካውን ኤፒቲ ይጥለዋል። ፍተሻውን የሚያስቀር ትእዛዝ በምንጭ ዝርዝርህ ላይ አትጻፍ እንጂ። የደኅንነት ማሻሻያው ማውጫ ግን የማብቂያ ቀን አለው፤ ዲስኩን መሳቢያ ውስጥ ካቆየኸው ኤፒቲ አልቀበልም ይልሃል።