በሮማውያን ዲናር ላይ የሚጋልቡት ሁለቱ ፈረሰኞች

ጥያቄ፦ በአንድ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የጥንታዊት ሮም የብር ሳንቲም ፎቶግራፍ አይቼ ነበር። በአንዱ ገጽ የራስ ቁር የደፋች ሴት፣ በሌላው ደግሞ ጎን ለጎን የሚጋልቡ ሁለት ፈረሰኞች ተቀርጸዋል። እነማን እንደሆኑና ሮማውያን አማልክታቸውን በገንዘብ ላይ ያስቀርጹ የነበረው ለምን እንደሆነ ብታስረዱኝ።

መልስ፦ ያዩት ሳንቲም ዲናር ነው። ሮም ይህን ገንዘብ ማውጣት የጀመረችው ከካርቴጅ የጦር መሪ ከሃኒባል ጋር በምትዋጋበት ጊዜ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ገደማ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ዲናሮች 4.5 ግራም ያህል ይመዝኑ ነበር። ሴቲቱን ብዙ ሰው የጥበብ አምላክ ከሆነችው ከሚነርቫ ጋር ያምታታታል፤ ይሁን እንጂ ክንፍ ያለበትን የራስ ቁር የደፋችው ሮማ ናት፤ ይኸውም ከተማይቱ ራሷ በአምላክ አምሳል ተቀርጻ ነው።

ፈረሰኞቹ የአማልክት አለቃ የጁፒተር ልጆች የሚባሉት መንትዮች፣ ካስቶርና ፖሉክስ ናቸው። ጦራቸውን ወደ ፊት ዘንበል አድርገው ይጋልባሉ፤ ከእያንዳንዳቸው ራስ በላይም አንዳንድ ኮከብ አለ። በአፈ ታሪኩ መሠረት ሮማውያን በሬጊሉስ ሐይቅ አጠገብ ከጎረቤቶቻቸው ከላቲኖች ጋር ሲዋጉ መንትዮቹ ደርሰው አገዟቸው፤ ከዚያም በሮም አደባባይ ፈረሶቻቸውን ውኃ ሲያጠጡ ታይተው የድሉን ዜና አበሠሩ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ጳውሎስ ከማልታ በተሳፈረባት መርከብ ላይ የተጠቀሰው ምልክትም የእነዚሁ መንትዮች ነው። የጠላት ጦር ጣሊያን ውስጥ ገብቶ ሳለ በጭንቅ ቀን ደራሾችን በሳንቲም ላይ ማስቀረጽ ለወታደሩም ለሕዝቡም ተስፋ መስጫ እንደነበረ አምናለሁ።

በኋላ ግን የገንዘብ ሥራውን የሚመሩት ሹማምንት የየቤተሰባቸውን ክብር የሚያጎሉ አማልክትን መምረጥ ጀመሩ። የትውልድ ሐረጉን ከፍቅር አምላክ ከቬነስ የሚቆጥረው ዩልየስ ቄሣር በሳንቲሞቹ ላይ እርሷን ያዘወትር ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ግን በሕይወት ሳለ የራሱ መልክ በሮም ዲናር ላይ ወጣ፣ ቬነስም ወደ ጀርባው ተዛወረች። ከሁሉ የከበደው ለውጥ ለእኔ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ የፊቱን ገጽ ቀስ በቀስ ገዥዎች ስለያዙት አማልክቱ በጀርባ ሆነው የእነርሱን ሥልጣን የሚያጸኑ ምስክሮች ሆነዋል።

ሌላ ዲናር ሲያጋጥምዎ ከመልኩ ይልቅ የተያዘውን ዕቃ ይመልከቱ። ጁፒተር መብረቅ፣ አፖሎ በገና መሰል መሣሪያ፣ ሴሬስ የስንዴ ዛላ ይይዛሉ፤ ሄርኩለስ ደግሞ በአንበሳ ቆዳውና በዱላው ይታወቃል።