ስድስት ክፍል ያለው ግቢ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ስድስት የሚከራዩ ክፍሎች ያሉት ግቢ በ4,200,000 ብር ተባልኩ። ክፍሉ በወር 5,000 ብር ስለሚከራይ ደላላው «በዓመት 360,000 ብር ቁጭ ብለህ ትበላለህ» ይለኛል። በእጄ 2,400,000 ብር አለ፤ የጎደለውን ከባንክ በ18 በመቶ ወለድ ልበደር ነው። ተመሳሳይ ግቢ ደቻቱ ወንዝ ዳር በ3,200,000 ብር አለ። የትኛውን ልግዛ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ በዚህ ብድር ከሆነ የሳቢያኑን አይግዙ። የደቻቱን ደግሞ ያለ ብድርም ቢሆን እንዳይቸኩሉበት።

ደላላው የነገረዎት ወጪ ያልተነካበትን ገቢ ነው። በ4,200,000 ላይ የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ፣ ለደላላ 2 በመቶ፣ ለቀለም፣ ለቧንቧና ለጣሪያ እድሳት 132,000 ብር ቢይዙ ግቢው 4,500,000 ይፈጅብዎታል። ከኪራዩ ደግሞ ይቀንሱ፦ እያንዳንዱ ክፍል በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢሆን 30,000፣ ለጥገና 36,000፣ ለሽንት ቤት ማስመጠጫና ለቦቴ ውሃ 24,000፣ ለቦታ ኪራይና ለጥቃቅን 10,000። 260,000 ቀረ። የኪራይ ገቢ ግብር 40,000 ቢሆን (ትክክለኛውን ገቢዎች ቢሮ ያስሉት) እጅዎ የሚገባው 220,000 ነው። ካወጡት ገንዘብ 5 በመቶ እንኳ አይሞላም።

አሁን ብድሩን ይመልከቱ። የሚጎድልዎት 1,800,000 ሳይሆን 2,100,000 ነው፤ የመጀመሪያ ዓመት ወለዱ ብቻ 378,000 ይጠጋል። ክፍሎቹ ሁሉ አንድም ቀን ባዶ ሳያድሩ ቢከራዩ እንኳ ወለዱን አይሸፍኑም። በ10 ዓመት የሚመለስ ብድር ከሆነ 220,000 ብር የሚሸከመው 1,000,000 ገደማ ነው፤ እኛ ከ700,000 እንዳያልፉ እንመክራለን፤ ሁለት ክፍል በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ የሚተነፍሱበት ያስፈልጋል። ሦስት ክፍል ያለው አነስተኛ ግቢ ይፈልጉ፤ ካልሆነም ከወንድም ወይም ከእህት ጋር በጽሑፍ ተዋውለው ይግዙ።

«የቤት ዋጋ ይጨምራል» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል። ግን የዋጋ ጭማሪ የወር ክፍያ አይከፍልም፤ ሲሸጡም ከትርፉ 15 በመቶ ግብር አለበት። ኪራይ ጨምሬ አካክሰዋለሁ እንዳይሉ ደግሞ፣ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ጭማሪው በዓመት አንዴ፣ በሚወሰነው ልክ ብቻ ነው፤ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም።

የደቻቱ ግቢ በአንድ ሚሊዮን የረከሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ጎርፉ የሚመጣው ከላይ፣ ከተራራው ነው። ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይጥልም ሊደርስ ይችላል። በ1998 ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። የግቢው ወለል ከወንዙ አሸዋ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ መከላከያ ግንቡ የት እንደሚያበቃ፣ ጎርፉ የት ድረስ እንደደረሰ የሰፈሩን አረጋውያን ይጠይቁ። ተከራይም የሰፈሩን ታሪክ ያውቃል፤ በክረምት ክፍሉ ባዶ ሊያድር ይችላል።

የትኛውንም ሲያዩ ከቀትር በኋላ፣ በግንቦት ወይም በሰኔ ይሂዱ። ኮርኒስ የሌለው ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ክፍል በዚያ ሰዓት አያስቀምጥም፤ ተከራይ የሚለቀውም ያኔ ነው። በሁለት ትይዩ ግድግዳ መስኮት ያለው ክፍል ተከራይ ያቆያል። የሻወር ጭንቅላትና የቧንቧ አፍ ይፍቱ፤ የድሬ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ነጭ ቅርፊት ከደፈናቸው የውስጡም መስመር መቀየር አለበት። ስድስቱ ክፍል በአንድ የመብራት ቆጣሪ የሚጠቀሙ ከሆነም ይጠንቀቁ፦ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ስለሚጨምር ክፍያውን ማከፋፈል የየወሩ ጠብ ይሆናል።

ወረቀቱ ላይ ግን አይቸኩሉ። ክፍሎቹ በካርታውና በግንባታ ፈቃዱ ላይ አሉ ወይ? ብዙ ሰርቪስ ቤት ያለ ፈቃድ የተቀጠለ ነው፤ ከፈረሰ ኪራዩም አብሮ ይፈርሳል። ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ከመሬት ቢሮ በጽሑፍ ያግኙ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፤ በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ድሬዳዋ ላይ ይሠራል። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው «ለመሸጥ» የሚል መሆኑንና አለመሻሩን ሰነዶች ማረጋገጫ ያጣሩ። ቀብድ የሰጠ ሰው ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢተው እጥፍ ይመልሳል፤ ስለዚህ ይህ ሁሉ ሳይጣራ ቀብድ አይስጡ።

ጥያቄ፦ ጁገል ውስጥ አሮጌ ቤት ገዝቼ፣ አፍርሼ ባለ ፎቅ ማከራያ ብሠራስ? (ከሐረር)

መልስ፦ ጁገል በ1998 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እንዳሻዎት አፍርሰው ፎቅ ሊያቆሙበት አይችሉም። ከመግዛትዎ በፊት ከክልሉ ቅርስ ቢሮ ምን እንደሚፈቀድ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ሒሳቡንም ቤቱ አሁን ባለው ክፍልና ኪራይ ብቻ ይሥሩት። ፎቅ ከፈለጉ ከግንቡ ውጭ ይፈልጉ።