ነጭ ድንጋይ ሁሉ ኖራ ነው?

ጥያቄ፦ ከምሥራቅ ጎጃም ደጋ ነኝ። የገብስ ማሳዬ አሲዳማ ነው ተብያለሁ፤ ማዳበሪያ ባደርግበትም ገብሱ ይቀጭጫል። ኖራ ጨምርበት ይሉኛል። ዓባይ በረሃ ገደሉ ላይ ደግሞ ነጭ ድንጋይ ሞልቷል። እሱን ወቅጬ ብበትነው ይሆነኛል?

መልስ፦ ሐሳብዎ ጥሩ ነው፤ ግን እዚያ ነጭ ሆኖ የሚታየው ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ይጠቅምዎታል፣ ሌላው ትርፉ ድካም ነው።

ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ ገደሉ ንብብር መሆኑን አይተው ይሆናል። አናቱ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቀልጦ የፈሰሰ። ከሥሩ ያለውን ግን እሳት አያውቀውም። ደለል አለት ይባላል። ውኃ ውስጥ እየተደራረበ ተኛ፣ የላዩ ክብደት ጨመቀው፣ በውኃ የሟሟ ማዕድን ደግሞ አጣበቀው።

ደለል አለት የሚለየው በአመጣጡ ነው። ከሌላ ድንጋይ ተሰባብሮ የመጣው በቅንጣቱ መጠን ይከፈላል፤ አሸዋው የአሸዋ ድንጋይ፣ ጭቃው በስሱ የሚሰነጠቅ ሼል ይሆናል። እነዚህ ለእርስዎ አይረቡም፤ የአሸዋ ድንጋይ ቢወቀጥ ያው አሸዋ ነው።

የሚያሳስቱት የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ጀሶ ባሕር ሲተን ከጨዋማው ውኃ የቀረ ዝቃጭ ነው። ከጀሶው በላይ ያለው የኖራ ድንጋይ ግን በአብዛኛው ከባሕር እንስሳት ቅርፊትና ከኖራማ ጭቃ የመጣ ነው። አዎ፣ ያ አገር በጁራሲክ ዘመን (በዳይኖሰሮች ጊዜ) ባሕር ነበር። ሁለቱም ካልሲየም አላቸው፤ አሲዱን የሚያረክሰው ግን ካርቦኔት የሚባለው ክፍል ነው፤ እሱ ያለው ደግሞ የኖራ ድንጋዩ ውስጥ ነው። ጀሶ ሶዲየም ለበዛበት አፈር ሊረዳ ይችላል፤ የእርስዎን አሲድ ግን አይነካውም።

መለየቱ ቀላል ነው። በጥፍርዎ ይቧጩት፤ ከተቧጨረ ጀሶ ነው። ፍቀው ዱቄቱ ላይ ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ ያድርጉበት፤ ከተንፈቀፈቀ ኖራ ነው። ጥራቱን የሚነግርዎ ግን ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

በእጅ መውቀጡን ግን አልመክርዎትም። ለአንድ ሄክታር ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኩንታል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈለጋል፤ ያውም እንደ ዱቄት የላመ። ሸካራው ለዓመታት አፈር ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። መጀመሪያ አፈርዎን በልማት ጣቢያ ሠራተኛው በኩል ያስመርምሩ፤ መጠኑን የሚወስነው ውጤቱ ነው። ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይለቀቅና ሥሩን ያቀጭጫል፣ የማዳበሪያውንም ፎስፈረስ ይይዝበታል። ማዳበሪያው አልሠራ ያለዎት በዚህ ይመስለኛል።

የተፈጨ ኖራ ሲያገኙ ከመዝራትዎ ቢያንስ አንድ ወር ቀድመው በትነው በእርሻ ከአፈሩ ጋር ያደባልቁት። ነፋስ ባለበት ሰዓት አይበትኑ፤ ዓይን ይጎዳል። ዩሪያን ከኖራ ጋር ባንድ ቀን አይጨምሩ፤ ናይትሮጅኑ ተንኖ ይጠፋል።