መልስ፦ «ጆክዮጁ» በእንግሊዝኛ ምን ተብሎ ይጻፍ?

እህቴ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በተሰጠው የጃፓን የሥራ ማስረጃ ላይ ያለውን «ጆክዮጁ» የሚል የዩኒቨርሲቲ መምህር ማዕረግ «አሲስታንት ፕሮፌሰር» ልትይው እንደሆነ ጽፈሻል። እባክሽ ተዪው፤ የሰውየውን ማዕረግ አንድ ደረጃ ታወርጂበታለሽ። «ጆ» ማገዝን፣ «ክዮጁ» ፕሮፌሰርን ያመለክታል፤ የያኔው ሕግም ሥራው ፕሮፌሰሩን ማገዝ ነው ይል ነበር። ቦታው ግን ከሙሉ ፕሮፌሰር ቀጥሎ ያለው ስለሆነ በእንግሊዝኛ የተለመደው አቻ «አሶሺየት ፕሮፌሰር» ነው፤ እኛ ተባባሪ ፕሮፌሰር የምንለው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2007 ሕጉ ተሻሻለና ማዕረጉ «ጁንክዮጁ» ተባለ፤ ማገዝ የሚለው ቀርቶ በራሱ የሚያስተምርና የሚመራመር ሆነ። በዚያው ጊዜ «ጆክዮ» የሚባል አዲስ ማዕረግ መጣ። ረዳት ፕሮፌሰር የሚባለው እሱ ነው። «ጆክዮጁ» እና «ጆክዮ» የሚለዩት መጨረሻ ላይ ባለችው «ጁ» ብቻ ስለሆነ ማስረጃው ላይ ደግመሽ እያት።