መልስ፦ ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቴ አውቶማቲክ ቴስት ከየት ልጀምር?

ወንድሜ፣ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ የምትቀይረዋን የፓይተን ላይብረሪህን ፑል ሪኩዌስት (ሰው የላከልህ የኮድ ለውጥ) በመጣ ቁጥር በእጅ መሞከር ሰለቸኝ ላልከው፣ ኮዱ ጊትሀብ ላይ ፐብሊክ ከሆነ ሌላ አትፈልግ፣ ጊትሀብ አክሽንስን (ቴስቱን በራሱ የሚያስኬድልህን የጊትሀብ አገልግሎት) ተጠቀም፣ ለፐብሊክ ሪፖ (ለሁሉም ክፍት ለሆነ የኮድ ማስቀመጫ) በተለመዱት የጊትሀብ ማሽኖች በነፃ ነው።

መጀመሪያ ግን ቴስቱ ራሱ ይኑርህ። መቶ ፐርሰንት ከቨሬጅ (እያንዳንዱ የኮድ መስመር በቴስት ይነካ) ምናምን የሚሉህን ለጊዜው ተዋቸው፣ ሰው የሚሳሳትበትን ቦታ በፓይቴስት (የፓይተን ቴስት መጻፊያ መሳሪያ) ያዝ፤ ለምሳሌ ጳጉሜ 6 2015 ሴፕቴምበር 11 2023 መሆኑን፣ መስከረም 1 2016 ሴፕቴምበር 12 መዋሉን፣ ጳጉሜ 6 2016 ሲገባለት ደግሞ ኤረር መስጠቱን።

ከዛ አክሽንስ መቼ ምን እንደሚሰራ የምትጽፍበት ያምል ፋይል ላይ፣ ፑሽ (ኮድ ወደ ጊትሀብ መላክ) ወይ ፑል ሪኩዌስት ሲመጣ እንዲነሳ አድርገህ ቴስቱ የሚሞከርባቸውን የፓይተን ቨርዥኖች በማትሪክስ (በዝርዝር) ትደረድራለህ። እዚች ጋ ተጠንቀቅ፣ 3.10ን ኮቴሽን ውስጥ ካላስገባሃት ቁጥር ትመስለውና 3.1 አድርጎ ያነባታል፣ ከዛ እንዲህ የሚባል ፓይተን የለም ብሎ ይወድቅብሃል፣ አንተ ኮድህን ስትበረብር ታመሻለህ።

ሌላው፣ ከፎርክ (ሌላ ሰው ከገለበጠው የኮድህ ቅጂ) የሚመጣ ፑል ሪኩዌስት ሲክሬቶችህን (ጊትሀብ ላይ ያስቀመጥካቸውን የይለፍ ቃልና ቁልፎች) አያገኝም፣ ሆን ተብሎ ነው። ስለዚህ ቴስቱ ከነዚህ አንዱን፣ ለምሳሌ ቶከን (የመግቢያ ቁልፍ) የሚፈልግ ከሆነ የውጪ ሰው በላከ ቁጥር ይወድቃል። አንዳንዱ ፑል ሪኩዌስት ታርጌት (ከፎርክ ለመጣውም ሲክሬቶቹን የሚሰጠውን ማስነሻ) ተጠቀም ይልሃል፣ የማታውቀውን ሰው ኮድ በሱ ራን ማድረግ የቤትህን ቁልፍ ለመንገደኛ መስጠት ነው እንዳትሞክራት። ይልቅ ቴስቱ ያለ ኔትወርክ እንዲሰራ አድርገው።

ሜን ብራንች (ዋናው ኮድ) ላይ ደግሞ ቴስት ሳያልፍ መርጅ እንዳይደረግ (ለውጡ እንዳይቀላቀል) የሚለውን ሴቲንግ አብራው፣ ቴስቱ መውደቁን የሚያሳየውን ቀዩን ኤክስ እያዩ መርጅ የሚያደርጉ አሉ 😅