ሙሉ በሙሉ የማይጸዳ መሬት ፈቃድ ያገኛል ወይ?

የጠያቂው ወንድማችን ጉዳይ ባጭሩ ይሄ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ የአባታቸው የድሮ ጋራዥ ግቢ አለ። ወራሾቹ ተስማምተው ፎቅ ሊሠሩበት አስበዋል። አፈሩ ሲመረመር ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ተገኘበት። ብክለቱ በጎረቤት ፎቅ መሠረትና በአስፋልቱ ሥር ስለገባ ሁሉንም ቆፍሮ ማውጣት አይቻልም ተባሉ። "መሬቱ ሞተ ማለት ነው ወይስ ፈቃድ የሚገኝበት መንገድ አለ?" ብሏል።

አልሞተም ወንድሜ። ግን የምታቀርቡት ማመልከቻ ሐቀኛ መሆን አለበት።

እኔ ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ የአፈርና የጉድጓድ ውሃ ናሙና በመውሰድ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። እንዲህ ያሉ ፋይሎች ሲያልፉም ሲወድቁም አይቻለሁ። የሚወድቁት ይመሳሰላሉ። ባለቤቱ "መቶ በመቶ እናጸዳለን" ብሎ ይጽፋል። ፋይሉን የሚያየው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ እንደማይሆን ያውቃል፣ ስለዚህ አይፈርምም። እሱን የሚያስፈራው ነገ ጠያቂ ሲመጣ የቀረው ብክለት ባለቤት ማጣቱ ነው። እናንተ ምን እንደሚቀር፣ የት እንደሚቀር፣ በምን በኩል ሰው ጋ ሊደርስ እንደሚችልና ያንን መንገድ በምን እንደምትዘጉ ጻፉ። ማን እንደሚከታተለውና ወጪው ከማን ኪስ እንደሚወጣም ይግባበት።

ይሄ የኛ አገር ፈሊጥ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች "ሱፐርፈንድ" በሚሉት የተበከለ ቦታ ጽዳት ሕጋቸው፣ ጽዳቱ በቴክኒክ የማይቻል ሲሆን የጽዳት ደረጃው ባይሟላም ሊያልፉት ይችላሉ። ሰውን ከጉዳት የመጠበቁ ግዴታ ግን አይነሳም። ብክለት የቀረበት ቦታም ቢያንስ በየ5 ዓመቱ እንደገና ይገመገማል። እኛ ጋ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለው ሰው እንዲያጸዳ ወይም የጽዳቱን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። በምን መልኩና በምን ያህል ጊዜ የሚለውን ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ትቶለታል። የመነጋገሪያው በር ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሊወጣ የሚችለውን ሳታወጡ ግን "አይቻልም" ብትሉ ማንም አይሰማችሁም። የተቀበረ የነዳጅ ታንከር ካለ ይውጣ። ናፍጣ ከውሃ ስለሚቀል ከርሰ ምድሩ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል፤ ካለ ይቀዳ። ጋራዥ ከነበረ ደግሞ ባትሪም ሳይፈታበት አልቀረም፣ ስለዚህ እርሳስ የሚባለውን ብረት አስመርምሩ። ናፍጣን ባክቴሪያ ቀስ እያለ ይበላዋል፤ እርሳስ ግን አይጠፋም። ደግነቱ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው አፈር ላይ ስለሚቀር ተጠርጎ ሊነሳ ይችላል። መሬት ነክተው እጃቸውን አፋቸው የሚከቱት ሕፃናት ናቸውና እሱ ላይ ድርድር የለም።

የተነሳው አፈር የት ይሄዳል? ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ሌሊት ሲኖ ተከራይቶ ቦርከና ዳር መድፋት የሚቀናቸው አሉ። ቦርከና ከደሴ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ከሚሴ ይወርዳል። ከብቱ ይጠጣዋል፣ አትክልቱም ይለማበታል። አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ፤ አፈሩ ከግቢ ሳይወጣ ማረፊያው በደብዳቤ ይታወቅ። ደግሞም በአዋጅ 300 መሠረት ማንም ሰው ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይኖርበት አቤት ሊል ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የጎረቤት ዓይን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ፕላኑ። ፎቁ ቤዝመንት አይኑረው፤ የነዳጅ ትነት ተሰብስቦ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ምድር ላይ ያለው ወለል ሱቅ ወይም መኪና ማቆሚያ ቢሆን፣ ከወለሉ ሥርም ትነቱን ወደ ጣሪያ የሚያወጣ ቱቦ ቢኖር ይመረጣል። የመጠጥ ውሃ መስመሩን በዚያ አፈር ውስጥ በተራ ፕላስቲክ ቱቦ አታሳልፉ። ነዳጅ በፕላስቲኩ ግድግዳ ሰርጎ ወደ ውሃው ይገባል። ቧንቧ ሠሪዎቻችን ይሄን ሲሰሙ ይስቃሉ፣ ግን እውነት ነው። የሽንት ቤት ማስረጊያ ጉድጓድና የጣሪያ ውሃም ከቦታው ይራቁ። ወደ መሬት የሚሰርግ ውሃ ብክለቱን እየገፋ ወደ ጎረቤት ይወስደዋል።

መሸፈኛው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። "ዋልካ ውሃ አያሳልፍም፣ በሱ ሸፍኑት" የሚል መካሪ አይጠፋም። ክረምት ላይ ልክ ነው። በጋ ሲሆን ግን ዋልካ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በልጉ ሲመጣ የመጀመሪያው ዝናብ በዚያ ስንጥቅ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ኮንክሪት ይሻላል። ከሥሩ ደማቅ ቀለም ያለው መረብ አንጥፉ፣ ከዓመታት በኋላ የሚቆፍር ሠራተኛ ሲያየው እንዲቆም።

ለክትትል የከርሰ ምድር ውሃ ናሙና የሚወሰድበት ቢያንስ ሦስት የመመልከቻ ጉድጓድ ያስፈልጋል። ከሦስት ካነሰ ውሃው ወደየት እንደሚፈስ ማወቅ አይቻልም። ናሙናውን ክረምት እንደወጣና በበጋው ማብቂያ፣ በልግ ሳይገባ ውሰዱ። አንዴ ብቻ ተወስዶ "ንጹህ ነው" የተባለ ውጤት ብዙ አይታመንም።

ቢሮውን በተመለከተ፣ ግንባታ ፈቃዱ "ከአካባቢ ጥበቃ አምጣ" ይላል፣ አካባቢ ጥበቃው "መጀመሪያ ፕላንህ ይጽደቅ" ይላል። በዚህ መሀል ስንቱ ተንገላቷል። ሁለቱም ባንድ ቀን ቦታው ላይ እንዲገኙ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቃለ ጉባኤም ይያዝ። የቃል "ችግር የለም" ሰውየው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል። ሁኔታዎቹ፣ ማለትም ጉድጓድ ውሃ እንዳይቆፈር፣ ወለሉ እንዳይፈርስ፣ ክትትሉ እንዳይቋረጥ የሚሉት፣ ከካርታው ጋር ፋይል ውስጥ ይግቡ። ወንድምህ ነገ ድርሻውን ቢሸጥ ገዢው ማወቅ አለበት። የመሬቱን ዋጋ ይቀንሳል ብላችሁ አትደብቁት፤ ባንክ ለብድር መሐንዲስ ሲልክ ለማንኛውም ይወጣል።

እስከዚያው ሁለት ነገር ንገረን። የነዳጅ ታንከሩ አሁንም ተቀብሯል ወይስ ወጥቷል? ከእናንተ በታች በኩል ካሉት ጎረቤቶች የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ አለ? ካለ ፕላኑን ተወውና ነገውኑ ያን ውሃ አስመርምሩ፤ ውጤቱ እስኪመጣም እንዳይጠጡት ንገሯቸው።