ቁጥር 8 ላይ የቆመ ጸሎት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ጥያቄዬ ሊያስቆጣዎት ይችላል። የምቃወመው ፓርቲ መሪ ሀገር እያጠፋ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ስለዚህ ዳዊት ስደግም 108ኛው መዝሙር ላይ ስደርስ ስሙን ጠርቼ «ዘመኖቹ ጥቂት ይሁኑ» እላለሁ። በቅርቡ ሊገድሉት ሞክረው ሲተርፍ ደግሞ በጓደኞቼ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ምነው ባልሳተው» ብዬ ጻፍኩ። ብዙዎቹ ሳቁ። ባለቤቴ ግን አይታው አኮረፈችኝ፤ «ይህን ጽፈህ እሑድ ልትቆርብ ነው?» አለችኝ። እኔ በማንም ላይ እጄን አላነሳሁም። የደገምኩትም መዝሙር ነው። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ አላስቆጣኸኝም ወንድሜ። ይህን ጥያቄ መልኩን እየቀየረ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የሚገርመኝ ከሁለቱም ወገን መምጣቱ ነው። አንተ የምትወደውን መሪ የሚጠላ ሰውም ይህንኑ መዝሙር ይዞ ይመጣል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ የሚለየው የሚጠራው ስም ብቻ ነው። ሁለታችሁ በአንድ ሌሊት ብትደግሙት እግዚአብሔር የማንን ይስማ?

በል እንግዲህ ከመዝሙሩ እንጀምር። በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 109ኛ ሆኖ ታገኘዋለህ። አንተ የያዝከው ቁጥር 8ን ነው፦ «ዘመኖቹም ጥቂት ይሁኑ፥ ሹመቱንም ሌላ ይውሰድ።» ብቻህን አይደለህም። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ «ለኦባማ ጸልዩ» የሚል ጽሑፍ መኪናቸው ላይ የለጠፉ ሰዎች ነበሩ። ከሥሩ የዚህ መዝሙር ምዕራፍና ቁጥር አለ። ያልገባው ሰው መልካም ጸሎት ነው ብሎ ያልፋል። የገባው ይስቃል። የእግዚአብሔር ቃል የጓደኛሞች ጥቅሻ ሆነ ማለት ነው።

አሁን አንድ ቁጥር ወረድ በል። «ልጆቹም ድሀ አደጎች ይሁኑ፥ ሚስቱም መበለት ትሁን።» ይህንንስ ስም ጠርተህ ብለኸዋል? ምናልባት እዚህ ጋ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ታልፋለህ። ብዙዎቹ እንደዚያ እንደሚያደርጉ ነግረውኛል።

«ምነው ባልሳተው» ያልከውን ነገር ከዚሁ ጋር እንየው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 2024 በፔንሲልቬንያ፣ በትለር በምትባል ከተማ አቅራቢያ፣ ዶናልድ ትራምፕ በምርጫ ቅስቀሳ ላይ ሳለ ተተኮሰበት። ጆሮውን ጭሮት አለፈ። በዚያ ሰሞን «ምነው ባልሳተው» ያሉ ሰዎች በብዙ ቋንቋ ነበሩ። ጥይቱ ግን አየር ላይ አልቀረም። ከሕዝቡ መካከል አንድ የቀድሞ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ቤተሰቡን በገላው ሸፍኖ ሞተ። ሚስቱ መበለት ሆነች። ሁለት ሴት ልጆቹ ያለ አባት ቀሩ። ቁጥር 9 ተፈጸመ፤ ማንም ስሙን ጠርቶ ባልረገመው ሰው ቤት።

ይህን የነገርኩህ ለአንድ ወገን እንዳዝን ተደርጎ እንዳይታይብኝ። በዓመቱ፣ ጁን 14 ቀን 2025፣ በሚኒሶታ የሌላኛው ፓርቲ እንደራሴ የነበረችው ሜሊሳ ሆርትማን ከነባሏ በገዛ ቤቷ ተገደለች። ገዳዩ ፖሊስ መስሎ ነበር በሩን ያንኳኳው። እነርሱም ልጆች ነበሯቸው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በ2016 የሌበር ፓርቲዋ ጆ ኮክስ፣ በ2021 የኮንሰርቫቲቩ ዴቪድ አሜስ ተገድለዋል። ሁለቱም የሞቱት የመረጣቸውን ሕዝብ ሊያነጋግሩ ወጥተው ነው። አሜስ የተወጋው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። ገዳዮቹ አይተዋወቁም፤ እምነታቸውም ዓላማቸውም የተለያየ ነው። ይህ ሰው ካልጠፋ ሀገር አይድንም የሚለው ሐሳብ ግን ሲያዩት ዝምድና አለው።

አንተ ታዲያ «እኔ እጄን አላነሳሁም» ትላለህ። በብዛት የሚገጥመኝ ስሕተት ይኸው ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። ሰው ኃጢአቱን በእጁ ይለካል። እጁ ንጹሕ ከሆነ ልቡም የጸዳ ይመስለዋል።

በ1995 የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን ከፍልስጤማውያን ጋር በጀመረው የሰላም ስምምነት ምክንያት ብዙ ጠላት አፍርቶ ነበር። በሰልፍ ላይ የናዚ ወታደር ልብስ አልብሰው የሠሩትን ሥዕሉን ያዙ። አንድ ቀን ጥቂት አክራሪዎች መኖሪያ ቤቱ ደጅ ቆመው የሞት እርግማን ደገሙበት። ሰይፍ አልያዙም፤ ጸሎት ነው የደገሙት። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ ኖቬምበር 4፣ ራቢን ከሰላም ሰልፍ ሲወጣ አንድ የሕግ ተማሪ ተኩሶ ገደለው። ልጁ ሃይማኖተኛ ነበር፤ ያደረገውን በሃይማኖት ሕግ ነበር የሚያስረዳው። እነዚያ ደጅ የቆሙት ሰዎች እጃቸውን አላነሱም። የሚያነሣው ሌላ ነበር።

ያንተ ግሩፕ ውስጥ ስንት ሰው አለ? ስንቱን በቅርብ ታውቀዋለህ? ዘጠና ዘጠኙ ስቆ ያልፋል። አንዱ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ፣ ሥራ አጥቶ፣ ወይም ልቡ ታሞ ተቀምጧል። እሱ ያንተን መልእክት እንደ ቀልድ አያነበውም። ሽማግሌ ነው፣ ዳዊት ይደግማል፣ ይቆርባል የሚባል ሰው የጻፈው ነው። ፈቃድ አድርጎ ይወስደዋል።

ወደ ዳዊት ልመልስህ። መዝሙሩ የሱ ነው ካልክ ሰውየውን ራሱን እንየው። 1ኛ ሳሙኤል 24 ላይ ሳኦል ሦስት ሺህ ሰው አስከትሎ ያሳድደዋል። ዳዊት ከሰዎቹ ጋር በዋሻ ውስጥ ተደብቋል። ሳኦል ለራሱ ጉዳይ፣ ብቻውን፣ ያንኑ ዋሻ ገባ። የዳዊት ሰዎች በሹክሹክታ ምን እንዳሉት ልብ በል። «ደስ ያለህን አድርግ፤ እግዚአብሔር ጠላትህን በእጅህ እሰጥሃለሁ ያለህ ቀን ዛሬ ነው» አሉት። እነሱም ቃለ እግዚአብሔር ነበር የጠቀሱት! ዳዊት ቀስ ብሎ ተጠግቶ የሳኦልን የልብስ ዘርፍ ቆረጠ። ቁራጭ ጨርቅ ነው። ደም የለው፣ ጭረት የለው፤ ሳኦልም አልታወቀውም። ከዚያ መጽሐፉ ምን ይላል? «የዳዊት ልብ በኋላ መታው።»

ስለ ጨርቅ ልቡ መታው። ስሙን ጠርተህ ሞቱን የለመንክለት ሰው ግን ልብህን አልመታውም፤ የመታው የባለቤትህን ልብ ነው። ወንድሜ፣ የጠየቅከኝ ጥፋት ያለው እዚህ ላይ ነው።

«ሳኦል እኮ የተቀባ ንጉሥ ነው፤ የዛሬዎቹ በምርጫ ወይም በጉልበት የወጡ ናቸው» የሚል አይጠፋም። ይሁን። «አትግደል» የሚለው ትእዛዝ ግን ቅባት አይጠይቅም። ሰውየው በእግዚአብሔር መልክ መፈጠሩ ይበቃል። ኤልያስ እሳት አውርዷል የሚሉኝም አሉ። ያዕቆብና ዮሐንስም ልክ እንዲህ ብለው ጌታን ጠይቀውት ነበር። ዘወር ብሎ ገሠጻቸው፦ «ምን ዓይነት መንፈስ እንደ ሆነላችሁ አታውቁም።» (ሉቃስ 9)

እዚህ ላይ ግን እንዳትሳሳትብኝ። ዝም በል አላልኩህም። ዳዊት ከዋሻው ወጥቶ ቁራጩን ጨርቅ በእጁ ይዞ፣ ሳኦልን በስሙ ሳይሆን «ጌታዬ ንጉሥ ሆይ» ብሎ ጠራው። ከዚያም በደሉን ሁሉ ፊት ለፊት ነገረው። «እግዚአብሔር በእኔና በአንተ መካከል ይፍረድ፤ እጄ ግን በአንተ ላይ አትሆንም» አለው። ክስ አለ፣ ማስረጃ አለ፣ ዛቻ የለም። መጥምቁ ዮሐንስም ሄሮድስን «አልተፈቀደልህም» ብሎታል። ጌታ ራሱ ሄሮድስን ቀበሮ ብሎታል፤ አዎ። ወጥመድ ግን አልላከለትም። መሪህ ከሰረቀ ሰረቀ በል። ከዋሸ ዋሸ በል። ጻፍ፣ ተከራከር፣ ድምፅህን ንፈገው፣ በሕግ ክሰሰው። «ይውረድ» ማለትም ያንተ መብት ነው። እኔም የማልወዳቸው ፖለቲከኞች አሉ፤ ስማቸውን አልነግርህም እንጂ።

ልዩነቱ የት ጋ ነው ካልክ፣ አፍህ ላይ የሚመጡትን ቃላት ስማቸው። አረም ትላለህ፤ አረም ይነቀላል። ነቀርሳ ትላለህ፤ ነቀርሳ ይቆረጣል። እባብ ትላለህ፤ እባብ ምን እንደሚደረግ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ስሙን ስታወጣለት የሚደረገውንም አብረህ ወሰንክ። ከዚያ በኋላ «እኔ ግደሉት አላልኩም» ብትል ማን ያምንሃል?

እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም። አንድ ጊዜ ከትምህርት በኋላ አንድ ወጣት ስልኩን አሳየኝ። የአንድ ፖለቲከኛ ፎቶ ነው። ግንባሩ ላይ ቀይ ክብና መስቀለኛ መስመር ተሥሎበታል፤ በጠመንጃ መነጽር እንደሚታይ ዓይነት። ከሥሩ «በቅርብ ቀን» ይላል። ፈገግ አልኩ። ለቅጽበት ነው፤ ሥዕሉ በብልሃት የተሠራ ስለነበረ። ልጁ የፈለገው ያቺን ፈገግታ ነበር። አግኝቷት ሄደ። በማግሥቱ ፈልጌው ይቅርታ ጠየቅኩት። እስከ ዛሬ የምጸጸተው ግን ስልኩን ስላየሁ አይደለም፤ ጥርሴን ስላየ ነው።

ከቁጥር 8 ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ቅዱስ ጴጥሮስ ይህን ቃል በሐዋርያት ሥራ 1 ላይ ጠቅሶታል። መቼ? ይሁዳ ከሞተ በኋላ፣ ማትያስ ሊተካ ሲል። ባዶ የሆነ ወንበር ለመሙላት ነው። ወንበር ለማስለቀቅ አልተጠቀመበትም። ስለዚህ መዝሙሩን ድገመው፤ ተወው አልልህም። የማንንም ስም ግን አትሰካበት። ስም መስካት ካማረህ የቂምህን፣ የጥላቻህን ስም ጥራበት፤ ዘመናቸው ጥቂት ይሁን። ደግሞ ቁጥር 8 ላይ አትቁም። ከፊቱ ቁጥር 4 አለ፦ «እኔ ግን እጸልያለሁ።» ከኋላው ቁጥር 17 አለ፦ «መርገምን ወደዳት፥ ወደ እርሱም መጣች።» ቀጥሎ ደግሞ መርገም ወደ ሰውየው አንጀት እንደ ውኃ፣ ወደ አጥንቱ እንደ ቅባት ገባች ይላል። ይህ የተባለው ስለ ተረገመው ሰው ብቻ መስሎህ ከሆነ ደግመህ አንብበው። መርገምን ስለ ወደደ ሰው ነው የሚናገረው።

አሁን ወደምታደርገው ነገር እንምጣ። ያን መልእክት አጥፋው። ማጥፋት ግን አይበቃም። ሰው ፊት የጻፍከውን ሰው ፊት አንሣው። እዚያው ግሩፕ ላይ «የዚያን ቀን የጻፍኩት ስሕተት ነበር፤ ሞቱን አልመኝም፤ ፖለቲካውን ግን አሁንም እቃወማለሁ» ብለህ ጻፍ። ሁለት መስመር ነው። የሚያሾፍብህ አይጠፋም። ከግሩፑ የሚያስወጣህም ሊኖር ይችላል፤ ወጥተህ ምን ይቀርብሃል?

ሌላም አለ። እዚያ ግሩፕ ውስጥ ንግግሩ መልኩን ከቀየረ ንቃ። «ይጥፋ» ማለት አንድ ነገር ነው። «ቤቱ የት ነው? በስንት ሰዓት ይወጣል? ማን አብሮት ይሄዳል?» ማለት ሌላ ነው። እንዲህ የሚል ሰው ካየህ፣ የኛ ወገን ነው ብለህ አትሸፍንለት። ለሚመለከተው የጸጥታ አካል ተናገር። ይህ ሰው አሳልፎ መስጠት አይደለም። ሊገድል የተነሣውንም፣ ሊገደል የታሰበውንም ታድናለህ።

ጸሎቱንስ? ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት ሁሉ ጸልዩ ሲል በዙፋኑ ላይ የነበረው ሮማዊ ቄሣር ለክርስቲያን የሚራራ አልነበረም። አንተም የሰውየውን ስም በሌላ ቦታ ጥራው። ልቡን እንዲመልስ፣ ፍርድ እንዲያውቅ፣ ሥልጣኑን በሰላም እንዲያስረክብ ለምንለት። መጀመሪያ ላይ ስሙ ጉሮሮህ ላይ ይቆማል። እኔም ላይ ቆሟል። አንድ ሳምንት ታገሠው።

ስለ ቁርባኑ እኔ በጽሑፍ አልፈርድም። ያ የንስሐ አባትህ ነው። ሁሉንም ንገረው፤ መዝሙሩን፣ መልእክቱን፣ የሳቁልህንም ሰዎች። እሱ እስኪፈቅድልህ ግን እሑድ አትቅረብ። ባለቤትህንም ሰላም በልልኝ፤ ትክክለኛውን ጥያቄ ከእኔ ቀድማ የጠየቀችህ እሷ ናት።